አትጠገብ እና ሁለተኛው ጥራዝ

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ አስገቧት። ገባች? እንግዲያው ወንበር ስጧት። ብዙ መንገድ ስለሄደች እግሯን ትዘርጋ።

በአንድ ሰፊ ሜዳ ዙሪያ ከተሞች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ከተማም የራሱ ቤተ መጻሕፍት ነበረው። ከከተሞቹ ሁሉ ትንሿ ቀጋ በር ናት። በቀጋ በር አትጠገብ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት አባቷ ሲሞቱ የተዉላት በጓሮዋ ግራር ላይ የተሰቀለ አንድ ቀፎ ብቻ ነው። ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትሰማው የንቦቹን ድምፅ ነበር። ማታ በሯን ስትዘጋም «ደኅና እደሩ» የምትለው ለእነሱ ነው። ጎረቤት ቢስቅባት ግድ አልነበራትም።

አንድ ቀን ጠዋት ድምፁ ተለወጠ። ሲያንጎራጉር የኖረው ቀፎ ያቃስት ጀመር። ንቦቹ መግቢያው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ እንጂ እንደ ወትሯቸው ወደ አበባ አይሄዱም። አትጠገብ ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጠችና ለጠባቂው ለጋሼ ደምሰው ነገረቻቸው።

ጋሼ ደምሰው ያለቻቸው አንዲት መደርደሪያ ናት። ከእሷ ላይ ስለ ንብ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አወረዱና ተጋግዘው ገለጡት። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ቀፎ ካቃሰተ አውራዋ፣ እንቁላል ጣይዋ ንግሥት፣ ሞታለች ማለት ነው። አውራ የሌለው ቀፎም አበባ ረግፎ ሳያልቅ ባዶውን ይቀራል። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በሁለተኛው ጥራዝ ተጽፏል።»

«ይህን የጻፈው ሰው ነው?» አለች አትጠገብ።

«ሰውማ ነው፤ ገበያ ያውቃል እንጂ» አሉ ጋሼ ደምሰው። «ሁለተኛው ጥራዝ ሾላ ሜዳ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ይደውሉላቸዋ፣ ጋሼ!»

«ለማን? ለሾላ ሜዳው ጠባቂ ለአያልቅበት? ያንን ቤት ያስመረቀ ዕለት እኔን በር ሥር፣ ሚዜውን መድረክ አጠገብ ላስቀመጠ ሰው? እሱ ይደውል እንጂ!»

ስልኩ አጠገባቸው ነበር። ስልክማ በየከተማው ሞልቷል፤ ኩርፊያ ግን ስልክ አያነሣም። አትጠገብ መቀነቷን አጠበቀችና ወደ ሾላ ሜዳ መንገድ ጀመረች።

የሾላ ሜዳ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ነው፤ በሩም መስታወት። ጠባቂው አቶ አያልቅበት ክራባታቸውን እያስተካከሉ ተቀበሏትና ከተቆለፈ የመስታወት ሣጥን ውስጥ መጽሐፉን አሳዩአት። ሁለተኛው ጥራዝ! አትጠገብ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«አይወጣም፣ እህቴ» አሉ አቶ አያልቅበት። «በደጉ ዘመን ከጎረቤቶቻችን ጋር መጽሐፍ እንዋዋስ ነበር። የነጭ ድንጋይ ከተማ ሰዎች የኮከብ መጽሐፋችንን ወሰዱ፤ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት አንድ ገጽ እንዳይወጣ ምለናል።»

«እዚሁ ቆሜ ላንብበው።»

«የሌላ ከተማ ሰው እንዳይነካውም ምለናል። መሐላ መሐላ ነው። ኮከባችን ይምጣ፤ ያኔ የንቡን መጽሐፍ ውሰጂ።»

አትጠገብ ወጣች። ቀፎው አይድንም፣ ንቡ ካልመጣ። ሾላ ሜዳ ንቡን አይሰጥም፣ ኮከቡ ካልመጣ። እንግዲህ ወደ ነጭ ድንጋይ ነው።

የነጭ ድንጋይ ጠባቂ ልጅ እግር ሴት ናት፤ ፈገግታዋ ደግ፣ ቁልፏ ግን ብዙ። የኮከቡን መጽሐፍ አውጥታ አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገች። ገጹ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ በላዩ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ተበትነዋል። አትጠገብ ጭንቀቷን ለአፍታ ረስታ አየችው።

«ያምራል፣ አይደል?» አለች ልጅቱ። «መመለስ ነበረብን፣ እትዬ። ግን እኛስ? የልቅሶ ግጥም መጽሐፋችን ድልድይ ራስ ሄዶ ቀረ። ሰው ሲሞት አልቃሾቻችን የሚያነቡት አጡ፤ በየልቅሶው አንዱን ግጥም ሲደጋግሙ ሟች ሁሉ ጀግና፣ ሟች ሁሉ አንበሳ ሆነ፤ ባለፈው ለልብስ ሰፊው እንኳ ‹ጦሩን የት ጣለው› ተባለለት። ልቅሷችን ይምጣ፤ ኮከቡን ውሰጂ።»

አትጠገብ ወጣች። ቀፎው አይድንም፣ ንቡ ካልመጣ። ሾላ ሜዳ ንቡን አይሰጥም፣ ኮከቡ ካልመጣ። ነጭ ድንጋይ ኮከቡን አይሰጥም፣ ልቅሶው ካልመጣ። በመንገዱ ዳር የግራሩ አበባ መርገፍ ጀምሯል፤ አትጠገብም አየችው፤ እርምጃዋን አፈጠነች።

በድልድይ ራስ የተቀበሏት ድምፀ መረዋ ሽማግሌ ናቸው። የልቅሶው መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ነበር፤ ዓይናቸውም ቀልቷል። «በየቀኑ አነበዋለሁ፣ በየቀኑ ያስለቅሰኛል» አሉ። «ቢሄድልኝ ለጤናዬም ደግ ነበር።»

«እንግዲያው ይስጡኝ፣ አባባ።»

«መዝገበ ቃላታችንስ? ቀይ አፈሮች ይዘውት ቀሩ! እሱ ከሄደ ወዲህ የማናውቀውን ቃል እየዘለልን ነው የምናነብ። አንዳንዱን መጽሐፍማ ብንዘለው ብንዘለው ምንም አልተረፈንም። መዝገበ ቃላታችን ይምጣ፤ ልቅሶውን ውሰጂ።»

«ቢጠይቋቸውስ?»

«እኔ ልጠይቅ? የወሰደ ነው የሚመጣው! ነውር አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

አትጠገብ ወጣች። ቀፎው አይድንም፣ ንቡ ካልመጣ። ሾላ ሜዳ ንቡን አይሰጥም፣ ኮከቡ ካልመጣ። ነጭ ድንጋይ ኮከቡን አይሰጥም፣ ልቅሶው ካልመጣ። ድልድይ ራስ ልቅሶውን አይሰጥም፣ መዝገበ ቃላቱ ካልመጣ። አበባው ይረግፋል፤ አትጠገብ ትሄዳለች።

ቀይ አፈር ስትደርስ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ውሃ ብትለምን የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ በስኒ አመጣላት፤ እሱንም ግማሽ። «አትታዘቢን» አለ ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ። «ከተማችን ውሃ ጠምቷታል። ውሃ ከየት እንደሚቆፈር የሚያሳይ መጽሐፍ ነበረን፤ ወይራ አፋፎች ተውሰውት ይኸው እዚያ ላይ ተቀምጧል።»

አትጠገብ ስኒውን አስቀመጠች። ዝም ብላ ማለፍ አልቻለችም። «ወይራ አፋፍ ይኸው ከላያችሁ ነው፤ ጣሪያው ይታያል! አትወጡም? አትጠይቁም?»

«እኛ ነን ያዋስን፤ እነሱ ይውረዱ! ለውሃ ብለን ክብራችንን ልንጥል ነው?» አለ ሰውዬው። ምላሱ ከላንቃው እየተጣበቀ ነበር የሚናገረው። «የጉድጓድ መጽሐፋችን ይምጣ፤ መዝገበ ቃላቱን ውሰጂ።»

እናንተ ደግሞ አትሳቁ። በየቤታችን ስንት ጉድጓድ ሳይቆፈር እንደቀረ እናውቃለን።

ወደ ወይራ አፋፍ መኪና አይወጣም። አትጠገብ ድንጋዩን በእጇ እየቧጠጠች ወጣች። ጫፉ ላይ ስትደርስ አንድ ክፍል ቤት አገኘች፤ ከበሩ ላይ ጥላ ዘርግተው አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። የቤቱ ጠባቂ እመት ዘርፈሽዋል ናቸው።

«እሰይ፣ ሰው መጣ!» አሉ። «ነይ፣ ጥላው ውስጥ ግቢ። ደክሞሻል፤ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

በዚህ ሁሉ መንገድ ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረም። አትጠገብ ተቀመጠችና ዕንባዋ መጣ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። «እመት፣ ቀፎዬ አይድንም፣ ንቡ ካልመጣ። ሾላ ሜዳ ንቡን አይሰጥም፣ ኮከቡ ካልመጣ። ነጭ ድንጋይ ኮከቡን አይሰጥም፣ ልቅሶው ካልመጣ። ድልድይ ራስ ልቅሶውን አይሰጥም፣ መዝገበ ቃላቱ ካልመጣ። ቀይ አፈር መዝገበ ቃላቱን አይሰጥም፣ ጉድጓዱ ካልመጣ። እርስዎስ? እርስዎስ ምን ካልመጣ ነው ጉድጓዱን የማይሰጡኝ?»

«የጉድጓዱን መጽሐፍ?» አሉ እመት ዘርፈሽዋል። «ያውልሽ መስኮቱ ላይ። ውሰጂው።»

አትጠገብ አፏን ከፍታ ቀረች። «በምትኩስ?»

«በምትኩ ምን? የሰው ዕቃ ነው። ይመጣሉ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ የሚጠይቀኝ ጠፋ። እኔን ቁልቁለቱ ጉልበት አሳጣኝ። ረስተውናል ብዬ ተቀየምኩና እኔም ተኮራርፌ ኖርኩ፤ ምን ልዋሽሽ።» ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «አሁን ያልሽውን እስቲ እንደገና በይው። ቀስ ብለሽ።»

ወደ አፋፉ ጫፍ ወሰዷት። ከዚያ ላይ ሜዳው ሁሉ ይታያል፤ ከተሞቹም ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያቸው ያብለጨልጫል። አትጠገብ በጣቷ እያሳየች ጀመረች። ያ ቀይ አፈር ነው፤ እዚያ ውስጥ መዝገበ ቃላት አለ። ያ ድልድይ ራስ ነው፤ እዚያ ውስጥ ልቅሶ አለ። ያ ነጭ ድንጋይ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሰማይ ኮከብ ሁሉ በመጽሐፍ ታጥፎ ተቀምጧል። ያ ትልቁ ሾላ ሜዳ ነው፤ ንቡ እዚያ አለ።

«ሌላስ?» አሉ እመት ዘርፈሽዋል።

በየቤቱ ስትጠብቅ አትጠገብ መቼም ዓይኗን አልጨፈነችም። ነጭ ድንጋይ ስለ ዓሣ የተጻፈ አይታለች፤ ድልድይ ራስ የአጥንት ወጌሾች መጽሐፍ አይታለች። ሾላ ሜዳ ባሕር ስለተሻገሩ ሰዎች የሚያወራ፣ ቀይ አፈርም ዓይነ ስውር በጣቱ የሚያነበው ባለ ነጠብጣብ መጽሐፍ ነበር። የቻለችውን ያህል ተናገረች።

እመት ዘርፈሽዋል ከልጅነታቸው ጀምሮ እነዚያን ጣሪያዎች ሲያዩ ኖረዋል፤ ጠዋት አይተዋቸዋል፣ ጀንበር ስትገባ አይተዋቸዋል፤ ጣሪያ ብቻ ነበሩ። አሁን ክዳናቸው የተነሣ መሰላቸው። እዚያ ሥር አጥንት የሚጠግን አለ፣ እዚያ ሥር ባሕር አለ፣ እዚያ ሥር ለጨለመበት ዓይን ብርሃን አለ፤ ሁሉም በአንድ ሜዳ ዙሪያ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ይኼ ሁሉ የእኛ ነው?» አሉ በሹክሹክታ። «ለካ አንድ ቤት ነበር! እኔ እኮ አንዲት ክፍል የምጠብቅ መስሎኝ ነበር።»

አትጠገብም ቁልቁል አየች። ያ ሁሉ የደከመችበት መንገድ ከላይ ሲታይ ከቤት ቤት የሚያደርስ ኮሪደር ነው። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው እግዚኦ አሉ።

ከዚያ እመት ዘርፈሽዋል ገቡና ትልቅ ወረቀት አወጡ። የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ቤት እንዳለ አትጠገብ ስትል እሳቸው ጻፉ፤ የራሳቸውንም ክፍል መጻሕፍት ጨመሩበት። «ያልተሞላውን ባለቤቶቹ ይሙሉት» ብለው ጠቅልለው ሰጧት። አትጠገብም ጉድጓዱን በብብቷ፣ ወረቀቱን በእጇ ይዛ ቁልቁለቱን ወረደችው።

እንግዲህ ያዙኝ፤ አሁን መሮጥ ነው! ወይራ አፋፍ ጉድጓዱን ሰጠ፤ ቀይ አፈር ጉድጓዱን አየና መዝገበ ቃላቱን ሰጠ፤ ድልድይ ራስ መዝገበ ቃላቱን አየና ልቅሶውን ሰጠ፤ ነጭ ድንጋይ ልቅሶውን አየና ኮከቡን ሰጠ። በየቤቱም አትጠገብ ወረቀቱን ስትዘረጋ ጠባቂው ይጎነበሳል፣ ያነባል። ከዚያ ብዕር ይፈልጋል። የቀይ አፈሩ ሰው እየጻፈ ላቡን ጠረገ። የድልድይ ራሱ ሽማግሌ ጽፈው ሲጨርሱ አለቀሱ፤ በእጃቸው የልቅሶ መጽሐፍ አልነበረም። የነጭ ድንጋይዋ ልጅ ወረቀቱ አልበቃ ብሏት ሌላ ቀጠለችበት፤ የቀጠለችውንም በመርፌና ክር ሰፋችው።

ሾላ ሜዳ ስትደርስ አቶ አያልቅበት ኮከባቸውን ታቅፈው ሳሙት። ከዚያ ወረቀቱን አዩና ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ይኼ… የንቡ አንደኛ ጥራዝ… ቀጋ በር አለ?»

«አለ እንጂ። ጋሼ ደምሰው ዘንድ።»

አቶ አያልቅበት ክራባታቸውን ፈቱና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «የእኛ ጥራዝ ‹ከላይ እንደ ተገለጸው› ብሎ ነው የሚጀምረው» አሉ። «ይህን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ከላይ የተገለጸው ምን ይሆን እያልኩ እኖራለሁ። በዚያች አንድ መደርደሪያ ላይ! እኔ እኮ ቀጋ በር መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም ነበር።» አንገታቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ተነሥተው የመስታወቱን ሣጥን ከፈቱና ሁለተኛውን ጥራዝ እጇ ላይ አኖሩት። የቀጋ በርን ስልክ ቁጥርም ጠየቋት።

ጋሼ ደምሰው ስልኩ ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳያውቁ አነሡት። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። ከዚያ ወዲህ ግን ወረቀቱ ከከተማ ከተማ እየዞረ አደገ፤ ሰዎች የጋራ ካታሎግ አሉት። አንድ ሰው በቀጋ በር ቆሞ ‹የባሕሩን መጽሐፍ እፈልጋለሁ› ቢል ጋሼ ደምሰው የለንም አይሉም። ‹አለን፤ ሾላ ሜዳ ነው› ይላሉ። ይህችን «አለን» የምትል ቃል ሲናገሩ እስከ ዛሬ ድረስ ድምፃቸው ይከብዳል አሉ፤ አንዲት መደርደሪያ ለነበረው ሰው ትልቅ ቃል ነው።

አትጠገብ ግን ይህን ሁሉ አልጠበቀችም። ግራሩ ሥር እንደ ደረሰች ቀፎውን አየች፤ ንቦቹ ሳስተዋል፣ ማቃሰቱም ደክሟል። አበባው ግን ገና ረግፎ አላለቀም። መጽሐፉን ገለጠች። «ከላይ እንደ ተገለጸው አውራ የሌለው ቀፎ ይጠፋል። ከደኅና ቀፎ ትኩስ እንቁላል ያለበት፣ ግልገል ንብ የሚያድግበት አንድ የእጭ እንጀራ ተውሰሽ ጨምሪለት። ንቦቹም የራሳቸው ባይሆን ከእንቁላሎቹ አንዷን አሳድገው አውራ ያደርጓታል። ጥቂት ሳምንት ታገሺና ጆሮሽን ጣል አድርጊ።»

ከወንዙ ማዶ ብዙ ቀፎ ያለው ሰው ነበር። ሄደች፤ ጠየቀችው፤ ሰጣት። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ መጠየቅ እንዲህ አጭር ነው።

የእጩን እንጀራ በቅጠል ሸፍና አምጥታ ቀፎው ውስጥ አኖረችው። ንቦቹ ዙሪያውን ከበቡት። አትጠገብ ጠበቀች። መጠበቁ ከመንገዱ ሁሉ ከበዳት፤ መንገድ ቢያንስ ይሄዱበታል። እንግዳ እንቁላል ቢንቁትስ? የእኛ አይደለም ቢሉስ? የኩሩዎች አገር ሴት ናትና ይህን ፈራች።

አንድ ቀን ጠዋት ጆሮዋን ቀፎው ላይ አስደገፈች። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ግን ከውስጥ፣ ከጨለማው፣ እንደ ሸንበቆ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ መጣ። ቆመ። ደግሞ መጣ። አዲሷ አውራ ነበረች፤ ከሌላ ቀፎ የመጣች፣ በዚህ ቀፎ ያደገች። ቀፎው ሁሉ አፍታ ጸጥ ብሎ ሰማት፤ ከዚያ እንደ ቀድሞው ማንጎራጎር ጀመረ። አትጠገብ ጆሮዋን ሳታነሣ እዚያው ቆማ ዕንባዋን ለቀቀችው። «ደኅና አደራችሁ?» አለቻቸው።

ተረቴ አበቃች። ከእናንተ ዘንድ ትደር፤ የፈለጋት ሰው ቢመጣም አውሷት። ቶሎ ባትመለስ አልቀየምም።